ስለ ጀልባና ስለ ሞተር ክብደት፤ ባለፈው ቁጥር በወጣው ጽሑፍ ላይ የቀረበ ትችት

ባለፈው የዚህ መጽሔት ቁጥር ሁለት ጓደኞቻችን ለደቅ ደሴት ስለሚሠራው የሞተር ጀልባ ያወጡትን ጽሑፍ በደስታ አንብበነዋል። ደስ ያለንም በሁለት ምክንያት ነው። ተማሪ በክፍል የተማረውን ሒሳብና ፊዚክስ ለወገኑ ጥቅም ለማዋል ሲነሣ ማየት ዘወትር የሚገኝ ዕድል አይደለም። ከዚህም ሌላ እኛ ራሳችን ለዚሁ ጀልባ ካዋጡት መካከል ስለ ሆንን፣ ብራችን በምን ላይ እንደ ዋለ ለማወቅ ችለናል። ነገር ግን ጽሑፉን ሁለተኛ ጊዜ እርሳስ ይዘን ስናነበው ደስታችን ወደ ሥጋት ተለወጠ። ይህን ትችት የምንጽፈው ጓደኞቻችንን ለማሳፈር አይደለም፤ ሞተሩ ገና ስላልተገዛ ነው።

ነገሩን ላልተከታተሉ አንባቢዎች በአጭሩ እናስታውስ። ደቅ በጣና ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ናርጋ ሥላሴን ለማየት የሄደ ሰው ያውቀዋል። ነዋሪው እህሉን ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ለማድረስ ውኃውን መሻገር ግድ ይሆንበታል። ጓደኞቻችን ያሰቡት፣ 5 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያላት ከላሜራ የተበየደች ጀልባ ጉለሌ ውስጥ አሠርተው፣ በአዲሱ ገበያ በኩል በጎጃም መንገድ በጭነት መኪና ወደ ባሕር ዳር ለመውሰድ ነው። ሥራው ከብዙው ተጀምሯል። እኛም ባለፈው ወር ከስድስት ኪሎ ተነሥተን ሽሮ ሜዳን በስተኋላችን ትተን እስከ ብየዳ ቤቱ ድረስ ሄደን ጀልባይቱን አይተናታል። ከሁለት አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀምጣ፣ ሆዷ ገና ቀለም ሳይቀባ፣ የሰፈሩ ልጆች ገብተው «ይቀዝፉባታል»። ቅርብ የሚባለው ሐይቅ እንኳ ብዙ ርቆ ባለበት በዚያ ተራራ ሥር ጀልባ ማየት ያስቃል። ብየዳው ግን የሚያስመሰግን ነው፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ቀዳዳ የሌለው ነው።

ትችታችን ስለ ጀልባይቱ ሳይሆን ለጀልባይቱ ስለ ተመረጠው ሞተር ነው። ጓደኞቻችን በመጀመሪያ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አስበው ነበር። ይኸንኑ ዓይነት ሞተር ከአንድ ሰው ተውሰው በብየዳ ቤቱ ግቢ በውኃ በተሞላ በርሚል ውስጥ አስነሥተው ሞከሩት፤ ደከመባቸው። ከዚያም 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሌላ ሞተር ተከራይተው፣ በሌላ ሰው ጀልባ ላይ ሰቅለው፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ሞከሩት፤ ጀልባው እንደ ወፍ በረረ። በዚህም ምክንያት 40ው ይገዛ ዘንድ ወሰኑ። የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው የደስታ ቃል ነው። ቢሾፍቱ ላይ እኛም ነበርን። አጨብጭበናልም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምንነቅፈው ስሕተት የእኛም ጭምር እንደ ሆነ ይታወቅልን።

ከበርሚሉ እንጀምር። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር የሚሠራው በነዳጁ ብቻ አይደለም፤ በአየርም ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክሲጅን ያንሳል። የጀልባ ሞተር ነጋዴዎችና ጥገና ዐዋቂዎች የሚጠቀሙበት ግምት፣ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 እጅ ያህል ይቀነሳል የሚል ነው። ፋብሪካው በሞተሩ ጎን የጻፈው የፈረስ ጉልበት በባሕር ወለል ላይ የተለካ ነው። ጉለሌ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ 15 የተባለው ሞተር እዚያ ግቢ ውስጥ ከ11 ብዙም አይበልጥም። የጣና ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ 12 ያህል ይሆናል። እንግዲህ ጓደኞቻችን የፈተኑት ሞተሩን ሳይሆን የእንጦጦን ግርጌ አየር ነው ብንል ቀልድ አይሆንም። በዚያ ላይ ፕሮፔለር በርሚል ውስጥ ያንኑ ውኃ ከአረፋ ጋር ደጋግሞ ይመታል እንጂ የሚገፋው አዲስ ውኃ አያገኝም። በበርሚል የሚታወቀው ሞተሩ መነሣቱና ማቀዝቀዣ ውኃ መትፋቱ ብቻ ነው።

ከከፍታው የተነሣ ጉልበቱ የሚቀንስ ከሆነ ትልቅ ሞተር መግዛት ትክክል አይደለምን? ጓደኞቻችን ይህን ምክንያት አልጻፉትም፤ ቢጽፉት ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር። መልሳችን ግን፣ በመኪና ላይ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በጀልባ ላይ ግን ሞተር ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሸክምም ነው የሚል ነው። ይልቁንም ከሁሉ በማይመች ቦታ፣ በጀልባው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሸክም ነው።

የአርኪሜዴስን ሕግ ሁላችንም እናውቃለን። የሚንሳፈፍ ነገር በክብደቱ ልክ ውኃ ገፍቶ ይቀመጣል። የጀልባይቱን ሆድ ለሒሳቡ ቅለት እንደ ሣጥን እንውሰደው። 5 ሜትር በ1.5 ሜትር 7.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በመሐሏ 75 ኪሎ ብንጨምር 1 ሴንቲ ሜትር ትሰምጣለች። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ምት ሞተር መቶ ኪሎ ግድም ይመዝናል። ይህን መቶ ኪሎ በመሐል ብናስቀምጠው ጀልባይቱ 1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ትል ነበር። ሞተሩ የሚሰቀለው ግን በኋላዋ ጫፍ ነው። እዚያ ሲሰቀል ጀልባይቱ ዝቅ ማለት ብቻ ሳይሆን ታዘነብላለች፤ ኋላዋ 5.3 ሴንቲ ሜትር ሲሰምጥ አፍንጫዋ ደግሞ 2.7 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይነሣል። በሣጥን ቅርጽ ላይ ይህ ሁልጊዜ እውነት ነው፤ በጫፍ የተቀመጠ ክብደት ያንን ጫፍ በመሐል ቢሆን ከሚያሰምጠው አራት እጥፍ ያሰምጠዋል። አፍንጫዋ በሾለ ጀልባ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ነገሩ ግን አይለወጥም።

ይህን ያላመነ አንባቢ ባዶ የሳርዲን ቆርቆሮና በውኃ የተሞላ ሳፋ ይበቃዋል። እኛ በመኝታ ክፍላችን ሞክረነዋል። ጥቂት የአንድ ብር ሳንቲሞች ቆርቆሮው መሐል ስንደረድር ደልደል ብሎ ተንሳፈፈ። እነዚያኑ ሳንቲሞች ምንም ሳንጨምር በጣታችን ወደ ጫፍ ስንገፋ ውኃው በዚያው በኩል ገብቶ ቆርቆሮው ወረደ። ክብደቱ አንድ ነው፤ ቦታው ብቻ ተለወጠ። (ሳንቲሞቹን ከሳፋው ስናወጣ አንዱ ጓደኛችን «ይኸው የመዋጮው ገንዘብ» አለ፤ ቀልዱ ያን ጊዜ አላሳቀንም።)

ሞተር ደግሞ ብቻውን አይሄድም። መሪውን የሚይዘው ነጂ ከሞተሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ቤንዚኑም በእግሩ ሥር ይሆናል። 40ው በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት 15 ሊትር ያህል ይጠጣል። ለሦስት ሰዓት ጉዞ 45 ሊትር ከነዕቃው 40 ኪሎ ግድም ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ነጂና ይህ ቤንዚን ከመሐል 2 ሜትር ወደ ኋላ ሲቀመጡ፣ የመጀመሪያው 3.4፣ ሁለተኛው 1.8 ሴንቲ ሜትር ኋላዋን ዝቅ ያደርጓታል። ከሞተሩ ጋር ሲደመር 10.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ምት ሞተር ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ ቤንዚኑም ለዚያው ሰዓት ከነዕቃው ከ15 ኪሎ ብዙ አያልፍም። የዚህኛው ድምር ነጂውን ይዞ 6.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ልዩነቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር የማይደርስ ነው ተብሎ ሊናቅ ይችል ይሆናል። የሚለካው ግን ከሰመጠው ሳይሆን ከሚተርፈው ነው። የ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ጀልባይቱ ከነማገሯ 300 ኪሎ ያህል ትሆናለች። ስምንት ተሳፋሪ በ65 ኪሎ ስናስብ 520 ኪሎ ነው። በዚህ ሸክም ብቻ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሰምጣለች፤ 40ው ከነነጂውና ከነቤንዚኑ ሲጨመር ኋላዋ ከ21 ሴንቲ ሜትር በላይ በውኃ ውስጥ ይሆናል። አጭር እግር ያለው ሞተር ደግሞ የሚሰቀልበት ግድግዳ 38 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ተደርጎ መቆረጥ አለበት፤ አለዚያ ፕሮፔለሩ ውኃ አያገኝም። ስለዚህ በሰላሙ ሰዓት፣ ጀልባይቱ ቆማ፣ ሰው ሁሉ በቦታው ተቀምጦ፣ በሞተሩ በኩል ከውኃው በላይ የሚተርፈው 17 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ አንድ ስንዝር አይደለም። ሁለት ተሳፋሪዎች ከመሐል ተነሥተው ነጂውን ለማነጋገር አንድ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ቢጠጉ ሌላ 3 ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል።

ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። በእንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ የሚፈጠረው ማዕበል አጭርና ተከታታይ ይሆናል። የሐይቁ ሰዎች ማልደው የሚጓዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። አንድ ስንዝር የማይሞላ ጠርዝ ይህን ማዕበል አይጠብቅም። ከማዕበሉም ሌላ ጀልባይቱ ራሷ የምታስነሣው ሞገድ አለ። ነጂው በፍጥነት ሲሄድ ቆይቶ ጋዙን በድንገት ቢለቀው፣ ከኋላ ሲከተለው የነበረው ሞገድ ደርሶበት በሞተሩ በኩል ዘልሎ ይገባል። ወደ ምድር ሲቃረቡ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ሰዎችም ለመውረድ የሚነሡት በዚያው ቅጽበት ነው።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ እንመለስ። እዚያ ያየነው በረራ ሐሰት አልነበረም፤ ቢሾፍቱም ከጣና ብዙ በማይለይ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ የአየሩ ነገር ሰበብ አይሆንም። የተሳሳትነው ጀልባው ላይ የነበረው ሰው አንድ ብቻ በመሆኑ ነው።

ጀልባ በሁለት መንገድ ይሄዳል። በቀስታ ሲሄድ ውኃውን እየገፋና እየከፈለ፣ በክብደቱ ልክ ሰምጦ ይሄዳል። በዚህ አካሄድ የፍጥነቱን ወሰን የሚያበጀው የርዝመቱ ነገር ነው፤ 5 ሜትር ለሆነች ጀልባ ወሰኑ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ሲደርስ አፍንጫው በራሱ ሞገድ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ኋላው በሞገዱ ጕድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ከዚህ በላይ ለመሄድ ሌላውን መንገድ መያዝ፣ ማለት ከጕድጓዱ ወጥቶ በውኃው ፊት ላይ መንሸራተት ያስፈልገዋል። ለዚህም ብዙ ጉልበት ይጠየቃል፤ የተለመደው ግምት ለየ25 ኪሎው አንድ የፈረስ ጉልበት ነው። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ቦታ ከሁሉ የከፋ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቤንዚኑ ያልቃል፣ አፍንጫው ሰማይ ያያል፣ ኋላው በሞገዱ ውስጥ ተቀብሮ ይጎተታል፤ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም።

እንግዲህ እንደምር። በጀልባይቱ ልክ ነጂ ብቻውን ሲሆን፣ ጀልባው 300፣ ሞተሩ 100፣ ነጂው 75፣ ቤንዚኑ 40፣ በጠቅላላው 515 ኪሎ ነው። ለመንሸራተት 21 የፈረስ ጉልበት ያህል ይበቃዋል። 40ው በ1,800 ሜትር ከፍታ 33 ያህል ስለሚሰጥ በቀላሉ ይወጣል፤ እኛም ያጨበጨብነው ለዚህ ነው። ስምንት ተሳፋሪ ሲጨመር ግን ክብደቱ 1,035 ኪሎ፣ የሚያስፈልገው ጉልበትም ከ41 በላይ ይሆናል። ያለው 33 ነው። ስለዚህ ይህ ሞተር ሙሉ ጭነት በያዘ ጊዜ በዚያ ክፉ መካከለኛ ቦታ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ኋላውም ከላይ ካሰላነው እጅግ ዝቅ ይላል፤ ያ ስሌት ለቆመ ጀልባ ነበርና። ለቀስታው ጉዞ እንዳይባል ደግሞ ለቀስታው ጉዞ 40 አያስፈልግም፤ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን ጀልባ በወሰኑ ፍጥነት ለመግፋት 5 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይበቃል። የተናቀው 15 በጣና ላይ 12 ሆኖ ሲሠራ ከእጥፍ በላይ መጠባበቂያ ይዟል ማለት ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣም ያ መጠባበቂያ ይረዳዋል።

ከሞተሩ መጠን ይልቅ ሊታሰብበት ይገባ የነበረው የፕሮፔለሩ ዓይነት ነው። በባሕር ወለል ላይ ለቀላል ጀልባ የታሰበ ፕሮፔለር ምላጩ ብዙ ያዘነበለ ነው፤ በአንድ ዙር ሩቅ ለመሄድ ይሞክራል። በደጋ ሐይቅ ላይ፣ ጭነት በያዘ ጀልባ፣ ሞተሩ ያን ምላጭ ለማዞር አቅም ያጣል፤ የሚገባውን ዙር ሳይደርስ ያቃስታል። መኪና በሦስተኛ ማርሽ የእንጦጦን ዳገት ለመውጣት ሲሞክር የሚሆነው ነው። መድኀኒቱ ማርሽ መቀነስ ነው እንጂ የሌላ መኪና ሞተር መጫን አይደለም። ምላጩ ያነሰ ያዘነበለ ፕሮፔለር ከሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ ክብደትም አይጨምርም።

በጓደኞቻችን በኩል ሊቀርብ የሚችል አንድ ብርቱ መልስ አለ፤ እኛም ሳንሸሽ እናንሣው። ጀልባይቱ የምትሠራው በምጥ የተያዘች እናት ወደ ሐኪም ለማድረስም ነው፤ ለእርስዋ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር መሄድና ሁለት እጥፍ መሄድ አንድ አይደለም። እውነት ነው። ነጂውና ሦስት ሰዎች ብቻ ሲሳፈሩ ክብደቱ 710 ኪሎ ይሆናል፤ 28 የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል፤ 40ው ይህን ይችላል። እንግዲያው 40ው ለአምቡላንስ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ለገበያተኛ ግን አይደለም። የጽሑፋቸው ዋና ጕድለትም አንዲቱን ጀልባ ሁለቱንም እንድትሆን መፈለጉ ነው። ምናልባት በጎኗ ላይ «ከአራት ሰው በላይ መጫን ክልክል ነው» ብለን እንጽፍ ይሆናል። ነገር ግን አንዲት እናት በምጥ ተይዛ ወደ ዳር ስትመጣ ባሏ ይከተላል፣ እናቷ ትከተላለች፣ አዋላጇም አትቀርም፤ እኅቷም «እኔ ልቅር» አትልም። ስንቅ የያዘ ዘመድ ሲሳፈር «ውረድ» የሚል ነጂ አገራችን ውስጥ ገና አላየንም። ያንን ቀን፣ ሁሉም የሚሳፈርበትን ቀን፣ አስቦ ሞተር መምረጥ ይገባል።

በጽሑፉ ውስጥ ያልወደድነው ሌላ ነገር የደንገል ታንኳ ተንቆ መነሣቱ ነው። «ኋላ ቀር» በሚል አንድ ቃል ታልፏል። ታንኳ የሚንሳፈፈው እንደ ላሜራ ጀልባ ባዶ ሆድ ስላለው አይደለም። ውኃ ቢገባበት የሚሞላ ሆድ የለውም፤ ደንገሉ ራሱ አየር የያዘ ነውና ይንሳፈፋል። እየቆየ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህም ከጉዞ በኋላ ወደ ምድር ተጎትቶ ይደርቃል። በታንኳ ሥራ የታወቁት ወይጦዎችም ሆኑ ሌሎች የሐይቁ ሰዎች ጭነቱን ወዴት እንደሚያኖሩ፣ ቀዛፊው የት እንደሚቀመጥ ማንም ሒሳብ ሳያስተምራቸው ያውቃሉ። እኛ ከሳርዲን ቆርቆሮ የተማርነውን እነርሱ ከአባቶቻቸው ተምረውታል።

ደንገልም ቢሆን ኋላው ከተጎዳ እንደማይምር የታወቀ ምሳሌ አለ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ለመሻገር የሞከረባት «ራ» የተባለችው መርከብ የተሠራችው ከጣና ተቆርጦ ወደ ግብፅ በተጓዘ ደንገል ነበር። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። በጥንት ግብፃውያን ሥዕል የሚታየውና ኋላዋን ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ጥቅሙ ሳይታወቅ በመቅረቱ፣ ኋላዋ በጉዞው ላይ እያደር ወደ ውኃ ሰመጠ፤ ማዕበሉም በዚያው በኩል ይገባ ጀመር። ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ባርቤዶስ ሳይደርሱ መርከቢቱን ትተዋት ወጡ። በ1962 ዓ.ም. ይህ ታርሞ በሌሎች ሠሪዎች እጅ የተሠራችው ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ደንገል በደንገልነቱ አልተለወጠም፤ የታረመው የኋላው ነገር ነው። በታንኳ ላይ ሞተር ይሰቀል የሚል አሳብ በኮሚቴው ውስጥ ሲነሣ ሰምተን ነበርና፣ ይህን ታሪክ ከዚያ አሳብ ጋር አያይዘን ብናስታውስ የሚከፋ አይመስለንም። ታንኳ ሞተር የሚሰቀልበት ጠንካራ ግድግዳ የለውም፤ ክብደቱም ግፊቱም የሚያርፈው በማሰሪያው ላይ ይሆናል።

ከታንኳው የምንማረው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ታንኳ ማዕበል ቢያለብሰው ተሳፋሪው የሚይዘው ነገር አያጣም። የላሜራ ጀልባ ውኃ ከሞላ ግን እንደ ብረት ድስት ይወርዳል። በጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ አንድም ቃል አላገኘንም። 300 ኪሎ ብረት በውኃ ውስጥ የሚገፋው 38 ሊትር ውኃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሆዷ ቢሞላ እርስዋን ብቻ ለመያዝ 262 ሊትር ያህል የታሸገ አየር ያስፈልጋል። ከነሞተሩ ወደ 360 ሊትር እንበል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 18 መሆኑ ነው። ባዶ ጀሪካን በጉለሌ ገበያ በማንኛውም ሱቅ ይገኛል፤ ክዳኑ ተጠብቆ ከመቀመጫዎቹ ሥር በጠንካራ መረብ ቢታሰር ይበቃል። ጀሪካኖቹን ሁሉ በአፍንጫዋ በኩል ማሰር ግን አይገባም። ሞተሩ ኋላዋን ስለሚጎትት፣ ውኃ ስትሞላ እንደ እንጨት ግንድ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የሚይዝባት ሰው ቦታ ያጣል። ከግማሽ የሚበልጡት ከኋላ፣ በሁለቱ ጎን ቢሆኑ ደልደል ብላ ትቀራለች። ሰዎቹን ራሳቸውን ይይዙ ዘንድ ደግሞ ጀሪካን መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህም ቢሆን የእያንዳንዱን ሰው የደረት መንሳፈፊያ አይተካም።

አንዳንድ ነጂዎች ኋላው ሲከብድ በአፍንጫው በኩል ድንጋይ እንደሚጭኑ ሰምተናል። ጀልባውን ማስተካከሉን ያስተካክለዋል፤ ነገር ግን በክብደት ላይ ክብደት ጨምሮ ሁሉንም ጠርዝ ዝቅ ያደርጋል። ከድንጋይ ይልቅ ያለውን ክብደት ማዛወር ይሻላል። የቤንዚኑን ዕቃ በረጅም ጎማ ቱቦ ከመሐል አንድ ሜትር ወደ ፊት ብናዛውረው፣ 40 ኪሎው ኋላዋን 1.8 ሴንቲ ሜትር ማስመጡ ቀርቶ ምንም አያሰምጣትም። የመሪው እጀታ በቧንቧ ቢረዝም ነጂው ወደ መሐል 80 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ ይህም አንድ ሴንቲ ሜትር ያተርፋል። ይህ ሁሉ ከአንድ ቱቦና ከአንድ ቁራጭ ቧንቧ በላይ ወጪ የለውም።

ስለ ግድግዳው ከፍታ ግን አሁኑኑ መነገር አለበት። ሞተር በሁለት የእግር ርዝመት ይሸጣል፤ አጭሩ ለ38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ ለ51 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ነው። የተባለው 15 በረጅም እግር ቢገዛ፣ ጀልባይቱ በሞተሩ በኩል 13 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ጠርዝ ታገኛለች፤ ከላይ በነበረው ስሌት 20 የነበረው 33 ይሆናል። ብየዳ ቤቱን በጎበኘን ጊዜ የኋላው ላሜራ ገና ሙሉ ነበር። በጠመኔ መሥመር ተሰምሮበታል። ሜትር ዘርግተን ስንለካው ከታች 38 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በያጁን ጠየቅናቸው፤ «ልጆቹ እንዲህ አሉኝ፤ ቅዳሜ እቆርጠዋለሁ» አሉን። እስከ ሌላው ቅዳሜ እንዲያቆዩት ለምነናቸው እሺ ብለውናል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ማታ ነው።